ለ335አይ የኋላ ጎማ ልቀይር ነው፣ 275 ልግባ ወይስ በነበረው ልቀጥል?

ቀይ_ኩፔ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ያለችኝ የ2008 ቢኤምደብሊው 335አይ ኩፔ ናት፣ በኋላ ጎማ ነው ምትነዳው፣ ማርሿ በእጅ፣ ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር የመጣው 18 ኢንች ነው። ፊት 225/40 ኋላ 255/35 ታስሮላታል (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ)፣ አራቱም ራንፍላት፣ ማለትም ንፋሱ ቢወጣም ሚያስኬዱ። የኋላዎቹ ያለቁ ይመስለኛል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ኋላዋ ይንሸራተታል፣ የትራክሽን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ቆይቷል፣ በዝናብ ደሞ ጭራሽ ነዳጅ መንካት ያስፈራል። ከውጪ ቆሜ ሳየው ግን ጥርሱ ያን ያህል አላለቀም፣ ፊቶቹም 4 ሚሊ አካባቢ አላቸው።

ያሰብኩት ፊቶቹን ትቼ ኋላ ላይ ብቻ ሁለት 275/35 ልገዛ ነው፣ ሰፋ ሲል የበለጠ ይይዛል ብዬ። በዓመት አንድ ሁለቴ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ስለምወጣ ደሞ ትሬድዌሩ (የጎማው የማለቅ ቁጥር፣ ሲያንስ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል ግን የበለጠ ይይዛል) 200 የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ዮኮሃማ አድቫን ኒኦቫ ኤዲ09። ቀሪውን ጊዜ ስራ መሄጃዬ ናት፣ ዝናብም ብርድም አለ። ምን ትላላችሁ? ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ማርሽ_በእጅ፦
ኒኦቫ በለው ወንድሜ አታመንታ። እኔ መኪናዬን በደንብ ያወቅኳት ባለ 200 ትሬድዌር ያሰርኩላት ቀን ነው። ኩርባ ላይ መሪውን ገና ስታዞረው ፊቱ ይነክሳል፣ ፍሬን ስትይዝ ቀበቶው ደረትህ ላይ ይጠብቃል። ራንፍላቱን ግን እንዳትደግመው፣ ጎኑ ድርቅ ያለ ስለሆነ ጉድጓድ በገባህ ቁጥር ወገብህ ድረስ ይሰማሃል፣ ክብደቱም ለብቻው ነው።

የጎሚስታ_ልጅ፦
ቀይ_ኩፔ ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። የኋላ ጎማዎቹን ፍታና መሬት ላይ አጋድመህ ውስጠኛውን ጠርዝ እይ፣ መኪናዋ ስር የሚውለውን ማለቴ ነው። አባቴ ጎሚስታ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ቢኖር ሰው አዲስ ጎማ ሊገዛ ሲመጣ አሮጌውን ዞር ብሎ ሳያየው እንደሚሄድ ነው። አሮጌው ጎማ ግን ምን መግዛት እንዳለብህ፣ ከዛም በላይ ከመግዛትህ በፊት ምን ማሰራት እንዳለብህ ይነግርሃል።

275ን በተመለከተ ቸርኬህ ላይ የተጻፈውን አንብብ። በነዚህ መኪኖች ላይ ኋላው ብዙ ጊዜ 8.5ጄ ነው፣ ማለትም ስፋቱ 8.5 ኢንች፣ ፊቱ 8ጄ። 255/35 አር 18 ከ8.5 እስከ 10 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ነው ሚፈልገው፣ ስለዚህ አሁን ያለኸው መጨረሻው ጠባብ ላይ ነህ። 275/35 ደሞ ከ9 ይጀምራል። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስር ጎኑ እንደ ፊኛ ወጣ ብሎ ይነፋል፣ ኩርባ ላይ ይዋኛል፣ መሬት የሚነካውም ፊት እኩል አይጫንም። ስፋቱን ከፍለህበት ግሪፑን አታገኘውም። ቁመቱም ይቀየራል፣ የ255/35 ዲያሜትር 635.7 ሚሊ ነው፣ የ275/35 649.7 ነው፣ ፊትህ 637.2 ነው። አሁን ፊትና ኋላው ሊተካከል ምንም አልቀረውም፣ ያንን ታበላሸዋለህ፣ ኤቢኤሱም ትራክሽኑም ሚያስቡት በጎማው አዟዟር ነው።

ቀይ_ኩፔ፦
እሺ ዛሬ ፈታኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከውጪ 4 ሚሊ ያለው ጎማ፣ ገልብጬ ውስጡን ሳየው ከጠርዙ ወደ ሁለት ጣት የሚያክለው ሊሾ ሆኗል፣ አንዱ ላይ ጎማው ተልጦ ሽቦው ወጥቷል፣ እንደ ፀጉር ቀጭን የሆነ ሽቦ፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ወጋኝ። ግራውም ቀኙም እንደዛው ነው ቀኙ ይብሳል። በዚህ ጎማ ባለፈው ሳምንት ነው ሌሎች ሰዎች ጭኜ ረጅም መንገድ የሄድኩት። ዶት የሚለው ቁጥር መጨረሻ 3516 ይላል። አራቱም እንደዛ ነው ሚሉት።

የጎሚስታ_ልጅ፦
እንኳን አየኸው። 3516 ማለት 2016 ላይ በ35ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው መጨረሻዎቹ ሁለቱ አመቱ። እነዛን ኋላ ላይ መልሰህ አስረህ ከሰፈር እንዳትወጣ። ፊቶቹም ጥርስ ቢኖራቸውም ጎማው ራሱ ደርቋል፣ ጥፍርህን ጥርሱ ላይ ጫን አድርገው፣ አዲስ ጎማ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ ያንተ እንደ ፕላስቲክ ነው ሚሆንብህ።

አሮጌ_መካኒክ፦
ልጄ፣ ይሄ የጎማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ውስጡ ተበልቶ ሲያይ ወዲያው ካምበር ይላል። ካምበር አለው፣ ከፋብሪካው የኋላ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ነው የሚሰራው ኩርባ ላይ እንዲይዝ፣ ግን ካምበር ለብቻው እንዲህ ሽቦ እስኪወጣ አይበላም። የሚበላው ቶው ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ትይዩ ካልሄዱ፣ አንዱ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ጎን ካዞረ፣ ጎማው እየተንከባለለ ሳለ በጎን እየተጎተተም ነው። መሬት ላይ እንደ ላጲስ ነው የሚሆነው። ካምበሩ ክብደቱን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ስለሚጥለው ላጲሱ እዛ ላይ ይበላል።

እና ቶውን ማን አበላሸው? የኋላ ክንዶቹ ላይ ያሉትን ጎሚኒዎች ተመልከት፣ ክንዱ የሚታሰርባቸውን ላስቲኮች ማለቴ ነው። የተሰነጠቀ ወይ የላላ ጎሚኒ ካለ መኪናው ቆሞ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ብትሰራ ወረቀቱ ላይ ጥሩ ይወጣል፣ ነዳጅ ስትረግጥ ግን ክንዱ ይሳብና ቶው ይቀየራል። አንተ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ኋላው ይንሸራተታል ያልከው ግማሹ እዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጎሚኒ፣ ከዛ አዲስ ጎማ፣ ከዛ በዛው ቀን አላይመንት። አላይመንት ስትሄድ ታንክህን ሞልተህ ሂድ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ኮተት አውጣ።

ቀይ_ኩፔ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ። እኔ እኮ ጎማው ርካሽ ሆኖ ነው እያልኩ ስወቅሰው ነበር።

ሰላም_በመሪ፦
ስለ 200 ትሬድዌር ልናገር ምክንያቱም ማርሽ_በእጅ ያለው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። እኔ ባለ ፊት ጎማ ሃችባክ ነው ምነዳው፣ ለሁለት አመት 200 ትሬድዌር አስሬ በየቀኑ ነድቼዋለሁ። በደረቅና በሞቀ አስፋልት እንደሱ ያለ ነገር የለም። አንድ ጠዋት ግን ብርድ ነበር፣ ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ጎማዬ ደሞ ግማሹ አልቋል። አደባባይ ገባሁ፣ በቀስታ ነው የገባሁት፣ መሪውን አዞርኩት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ፣ ባዶ ነገር የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ነዳጁን ለቀቅኩ ጠበቅኩት፣ ጠርዙ ሊደርስ ሲል ያዘ። ማንም አልተጎዳም፣ ግን ያ መሪ የቀለለበት ስሜት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ምክንያቱ ምን መሰለህ፣ ውሃውን ሚያስወጣው በጥርሱ መሀል ያለው ቦይ ነው፣ እነዚህ ጎማዎች ደሞ ቦያቸው ትንሽ ነው፣ ጥርሳቸውም ሲጀመር ጠለቅ ያለ አይደለም። ላስቲኩም ካልሞቀ አይሰራም። አንተ ራስህ ጽፈኸዋል፣ ስራ መሄጃዬ ናት ዝናብም ብርድም አለ ብለሃል። በዓመት ሁለት ቀን ትራክ አለህ፣ ሌላው ቀን ሁሉ ያ አደባባይ ነው።

ማርሽ_በእጅ፦
ሰላም እውነትሽን ነው፣ እኔ በዝናብ መኪናዬን ስለማላወጣት ያንን ከግምት አላስገባሁትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ታዲያ ኋላ ላይ ብቻ 200 አስሮ ፊት ላይ መደበኛ ቢያደርግስ? የሚንሸራተተው ኋላው አይደል።

ሰላም_በመሪ፦
በፍጹም። ኋላው ሲሞቅ ካልሆነ ማይዝ፣ ፊቱ ደሞ በብርድም ሚይዝ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ኋላዋ ቀድማ ምትወጣ መኪና ነው ምትሰራው። ሲሞቅ ደሞ ይገለበጥና ፊቷ ይገፋል። በአንድ ቀን ሁለት መኪና መንዳት ነው። አራቱም አንድ አይነት ይሁኑ።

ብቸኛ_ኩርባ፦
ይቅርታ ልግባ። እኔ ሁሌ ሁለት አዲስ ስገዛ ፊት ላይ ነው ማስረው፣ መሪውም ፍሬኑም ፊት ላይ ስለሆነ። ስህተት ነው?

አሮጌ_መካኒክ፦
ስህተት ነው ልጄ፣ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሁለት ብቻ ከተገዛ ጥርሱ ጥልቅ የሆነው ኋላ ነው የሚገባው፣ መኪናው በፊትም ይነዳ በኋላ። ፊቱ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ እቺ ልጅ እንዳለችው መሪው ይነግርሃል፣ ነዳጅ ስትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት መጥቶ ይመለስልሃል። ኋላው ሲንሳፈፍ ግን ማንም አይነግርህም፣ ነዳጅ ስትለቅም ይብስበታል፣ ስታውቀው መኪናው ዞሯል። የዚህኛው ልጅ መኪና ግን ፊትና ኋላው ልኩ ስለሚለያይ ማቀያየርም አይቻል።

ቀይ_ኩፔ፦
አራቱን ልገዛ ወሰንኩ፣ በ225/40 እና 255/35 ልቀጥል። አሁን የቀረኝ ራንፍላት ልድገም ወይስ ልተው የሚለው ነው፣ መኪናዋ ስኮርታ የላትም፣ ቦታውም የላት።

የጎሚስታ_ልጅ፦
ራንፍላት ሚጠቅምህ አንድ ነገር ላይ ነው፣ ሚስማር ወግቶት ንፋሱ ሁሉ ቢወጣ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳትበልጥ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርስሃል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ በሌሊት ብቻዋን ለምትነዳ ሰው ወይ ልጆች ጭኖ ለሚሄድ እኔ አትተወው ነው ምለው። ምታጣው ደሞ ምቾቱን፣ ክብደቱን፣ እና መሬቱን ማዳመጡን ነው። መደበኛ ከገዛህ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሚሰካ ትንሽ ኮምፕሬሰርና ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ ይኑርህ። ፈሳሹ ጥርሱ ላይ የገባን ሚስማር እንጂ ጎኑ ላይ የተቀደደን አያድንም፣ ይሄን አውቀህ ግዛ። ትራክም ምትወጣ ስለሆነ እኔ ብሆን መደበኛውን እገዛለሁ።

ሲገዙ የማያዩት ሌላ ነገር፣ ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል። ፊት ላይ 88 ካለ ጎማው 560 ኪሎ ይሸከማል፣ 92 ካለ 630። ኋላ 90 ማለት 600 ኪሎ ነው፣ 94 ማለት 670። ፊደሉ ፍጥነት ነው፣ ደብሊው 270 ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከነበረው አትውረድ፣ ከፍ ካለ ችግር የለውም። በነዚህ ልኮች ጥሩዎቹ ጎማዎች ብዙዎቹ ኤክስኤል (የበለጠ ክብደት የሚሸከም) ተብለው 92ዋይ እና 94ዋይ ሆነው ነው ሚመጡት።

ማርሽ_በእጅ፦
እና የትኛውን ይግዛ ታዲያ?

ሰላም_በመሪ፦
ሚሸሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ፣ ኮንቲኔንታል ስፖርት ኮንታክት 7፣ ብሪጅስቶን ፖተንዛ ስፖርት፣ ጉድይር ኢግል ኤፍ1 አሲሜትሪክ 6፣ ከነዚህ መሀል በልክህ ትኩሱን ያገኘኸውን። እኔ አሁን 4ኤሱን ነው ያሰርኩት፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ያለኝ መተማመን ከድሮው ጋር አይገናኝም። ትራክ ላይ ከአራት አምስት ዙር በኋላ ሲግል መለስለስ ይጀምራል፣ እሱን እነግርሃለሁ፣ ያኔ አንድ ዙር ቀስ ብለህ ታቀዘቅዘዋለህ። ትሬድዌሩ 300 ነው። በነገራችን ላይ ያ ቁጥር አምራቹ ራሱ ለራሱ ጎማ ሚሰጠው ነው፣ መነሻው 100 ከሚባል መለኪያ ጎማ ጋር አወዳድሮ፣ ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 280 ጋር አታፎካክሩት።

እነዚህም ቢሆኑ የበጋ ጎማ ናቸው። ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ላስቲካቸው መጠንከር ይጀምራል። በረዶ ካለ ሌላ ጎማ ነው ሚያስፈልገው፣ ለብርድ ጠዋት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በትዕግስት ንዳ።

ብቸኛ_ኩርባ፦
ኮከብ ምልክት ያለበትስ? ለቢኤምደብሊው የተሰራ ነው ይባላል።

የጎሚስታ_ልጅ፦
አዎ ኮከቡ የቢኤምደብሊው ነው፣ ፖርሼ ኤን ብሎ ቁጥር ያስከትላል፣ መርሴዲስ ኤምኦ፣ አውዲ ኤኦ። ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ለዛ መኪና ተብሎ የተስተካከለ ነው። ግዴታ አይደለም፣ ግን አንዱን ባለ ኮከብ ሌላውን ያለ ኮከብ አድርገህ አንድ አክስል ላይ አትሰር።

ቀይ_ኩፔ፦
ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ እንዳሉት የኋላ ጎሚኒዎቹን አስፈተሽኩ፣ በቀኝ በኩል አንዱ ክንድ ላይ ያለው ለሁለት ተሰንጥቆ ነው የተገኘው፣ ፒንሳ ሲያስገቡበት ክንዱ ወዲህ ወዲያ ይላል። ተቀየረ። ፓይለት ስፖርት 4ኤስ አራቱንም ገዛሁ፣ ከመታሰሩ በፊት የአራቱንም ቀን አየሁ፣ ሁሉም ከአንድ ዓመት በታች ናቸው። አንዱ ጎማ ተገልብጦ ሊታሰር ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ አውትሳይድ የሚለው ጽሁፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር፣ የውስጡና የውጪው ጥርስ ስራቸው የተለያየ ስለሆነ ሰራተኛውም አመስግኖኝ መልሶ ፈታው። ቢጫዋን ነጥብ ቫልቩ ጋ አድርገው አሰሩት፣ ባላንስ ሲሰራም ትንሽ እርሳስ ብቻ ነው የጠየቀው። ቡሎኖቹን 120 ኒውተን ሜትር አሰርኩ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ ፈተሽኩ። አላይመንቱ በዛው ቀን ተሰራ፣ ከመሰራቱ በፊት የቀኝ ኋላው ቶው ከልኩ ውጪ ቀይ ሆኖ ነው ማሽኑ ላይ የታየው።

የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር እንደ እንቁላል ነው የነዳኋት፣ አዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ቅባት ነገር እስኪለቅ። አሁን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስረግጥ ትሄዳለች በቃ፣ መብራቱም አይበራ። ደሞ የገረመኝ ጸጥታው ነው፣ ራንፍላቱ ሁሌ ሚጮኸውን ጩኸት የመኪናዋ ድምፅ ነው ብዬ ለምጄው ነበር።

ማርሽ_በእጅ፦
ደስ ይላል ወንድሜ። ትራክ ስትወጣ ንፋሱን ስንት ልታደርገው ነው?

ቀይ_ኩፔ፦
በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ልጀምር ብዬ ነው፣ ሌላ ሀሳብ አለህ?

ማርሽ_በእጅ፦
ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ በወረቀቱ ልክ አድርገው። ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ንፋሱ ወደ 0.1 ባር ይጨምራል፣ ትራክ ላይ ደሞ በጣም ነው ሚግለው፣ ስለዚህ ከአራት ዙር በኋላ ወጥተህ ወዲያው ለካ፣ የጨመረውን ቀስ እያልክ አስተንፍስ። እንዴት እንደምታውቅ፣ ከመውጣትህ በፊት ከጥርሱ ጫፍ ጀምረህ ወደ ጎኑ ጠመኔ አስምር። ስትመለስ ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ጎማው የተንከባለለበት ነው። ጎኑ ላይ ወዳለችው ትንሽ ሶስት ማዕዘን ምልክት አካባቢ ደርሶ ከቆመ ጥሩ ነው። ካለፋት ንፋሱ አንሷል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጠመኔ ካልተነካ በዝቷል። ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት ደሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ መልሰህ መሙላት እንዳትረሳ፣ ሰው ሁሉ ሚረሳው እሱን ነው።

ቀይ_ኩፔ፦
ትራክ ወጥቼ ተመለስኩ። በጠመኔው መጀመሪያ ላይ ፊት ግራው ምልክቱን ትንሽ አልፎት ነበር፣ ትንሽ ንፋስ ጨመርኩበት፣ ከዛ በኋላ ልኩ ላይ ቆመ። ሰላም እንዳልሽው አምስተኛው ዙር ላይ መለስለሱ ተሰማኝ፣ አንድ ዙር ቀስ ብዬ ዞርኩና ተመለሰ። ስመለስ መንገድ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ያዘኝ፣ መሪው አንዴም አልቀለለብኝም።

ዛሬ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሞላቸው፣ ኋላዎቹን ፈትቼ በመለኪያ ለካሁ፦ ቀኙ ውስጥ 6.8፣ መሀል 7፣ ውጪ 7። ግራው ውስጥ 6.9፣ መሀል 7፣ ውጪ 7። ጋሼ፣ ይሄ የ0.2 ልዩነት የካምበሩ ብቻ ነው ወይስ አላይመንቱን ላስደግም?

አሮጌ_መካኒክ፦
የካምበሩ ነው፣ አታስደግም። 5,000 ላይ እንደገና ለካና ጻፍልኝ።